የግብጦ ወታደር

ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ጭጋግ ከሚያድርበት፣
የጋሽ ቢያድግልኝ ሱቅ፣ ሰዓት ሚታከምበት።
ከጠረጴዛው ጫፍ ላይ ቼዝ ተዘርግቷል፣
ሁለት ወታደር ጠፍቶ ግብጦ ተተክቷል።
ነጩ ወገን የኔ ነው፤ ግብጦዎቹም የኔ፤
ንግሥቴን አስበላሁ፣ እያየሁ በዐይኔ።

አባቴ ፈረሰኛ፣ ወንድሜ ፈረሰኛ፣
እንጅባራ ያውቀናል፤
የእንጨቱ ፈረስ ግን አልተገራም ለእኛ፤
ዘሎ ይገባና ከጠላት በረት ውስጥ፣
እኔ ስፎክር ነው እሱ የሚዋጥ።

«የውብዳር፣ እጅሽ ላይ ቁጭ በዪበት» አለኝ፤
«ዐይንሽን ጥሎ የሚሮጥ ጣትሽ ነው የሚገለኝ።
አንድ ትንፋሽ ሳቢ፤ ጠይቂ ደጋግመሽ፦
አሁን ምን ለቀቀ? ምን አየ? ምን ሊያረግሽ?
የምትሄጂውን ጻፊ፤ ከዚያ ቀና በዪ፤
ከጠላትሽ ወንበር ሰሌዳውን እዪ።»

ጥራዝ ደረሰኝ ሰጠኝ፣ ስህተቴን ልጽፍበት።

ማክሰኞ፦ ሩኬን ረሳሁ።
ረቡዕ፦ ያው ሩክ፣ ያው ጥግ፣ ያው ጥፋት።
ሐሙስ፦ ዝናብ ነበር፤ ጣራው ልቤን ሰረቀኝ፤
የገዛ ወታደሬን ቆረጠምኩ፤ መረረኝ።
ዐርብ፦ አሸንፌ ነበር። ማሸነፌን አየሁ፤
ማሸነፌን ሳይ ነው ንጉሤን የረሳሁ።

አክስቴ ግብጦ ቆልታ በጆንያ ቋጥራ፣
ከጅረት ትጥላለች ከድንጋዩ አስራ፤
በሦስተኛው ቀን መራራ፣ በአምስተኛው መራራ፤
ትቀምሳለች፣ ትተፋለች፤ ወንዙን ግን አትቆጣም፤
ምሬት በአንድ ሌሊት ከፍሬ አይወጣም።
ክረምቱን ሙሉ እኔም ከዚያች ሱቅ ተነከርኩ፤
ጥራዙ እስኪያብጥ ድረስ ስህተቴን ቆጠርኩ።

መስከረም ላይ ሄድኩኝ ደብረ ማርቆስ ድረስ፤
እጄ ላይ ቁጭ አልሁኝ። ተገራልኝ ፈረስ።
አርባ ጊዜ ጠየቅሁ፦ ምን ለቀቀ? ምን አየ?
ስመዝን፣ ስጠይቅ፣ ደቂቃዬ ተለየ።
ሩኬ ቦታው ላይ ነው፤ ንግሥቴም አልሞተች፤
ከጎኔ ያለችው ሰዓት ግን ዐለቀች።

ተመልሼ ነገርኩት። ሆዱን ይዞ ሳቀ፣
ማጉሊያው ከዐይኑ ላይ ተንሸራቶ ወደቀ።
«ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰዓት ፈታሁ፣ ገጠምኩ፤
ላንቺ ግን ስለ እሱ አንዲት ቃል አልነገርኩ።
ጥራዙን ወዲህ በዪ፤ ይሄኛው የኔ ነው።»
ጻፈ፣ በራሱ እጅ፤
ቀኑን ግን ሳተው።