የሰብል ዓይነት

ከሮቢ ጠለፋ፣ ከበሩ አጠገብ፣
ወንበሬን ዘርግቼ ሰዓት ስመዘግብ፣
ሁለት በጋ ሞላኝ። ከጥራዙ አንብቤ
ማን ምን እንደዘራ ዐውቃለሁ በልቤ።

ቀድሞ በጥማድ ነበር፤ ዓመቱን በሙሉ
አንዴ ከፍለው ያጠጡ ነበር፣ እስኪጠግብ ሁሉ።
ቦዩ ሲገነፍል፣ መንገዱን ሲያጨቀይ፣
«የእግዜር ውሃ ማን ያጎድለዋል?» ባይ
ሞልቶ ነበር።
የውሃ አባታችን፣ አያ ድንበሩ፣
ጥላቸውን በጫማ እየቆጠሩ
ተራ ይሰጡ ነበር።
አሁን ዳኛው ስልኬ ነው፤
ሰዓቱ መቶ ሃያ ብር፣
ዝምድና አያስከፍትም በር።

ሽንኩርት ዘጠኝ ጊዜ፣ ማሾ ሦስቴ ሲጠጣ፣
ቤቱ ሁሉ ሌሊት ጣት ቆጥሮ ሂሳብ አወጣ።
የሸዋ ሮቢት ደላላ ኪሎውን የጣለ ዕለት
ውሃው ዋጋ አይቀንስም፤ ይኼንን ማን ይሳት?
ሙሄ ግማሹን አዞረ፣ ዘገየ ማሳውን በሙሉ፤
ቀይ የነበረው ሜዳ አረንጓዴ ሆነ ሁሉ።
«ሰብሉን ማን መረጠ?» ቢሉኝ፣ «ገበሬው» ብዬ እፈርማለሁ፤
ግን የኔን እስክርቢቶ በየማሳው አየዋለሁ።

ከላይ የተረፈው ውሃ የትም አልቀረም ተኖ፤
ወደ ቦዩ ጭራ ወረደ፣ ቀጠን ብሎ፣ ጠይም ሆኖ።
ሃያ ዓመት ደረቅ ቦይ ሲጠርጉ የኖሩት፣
ከማሽላ በቀር ሌላ ዘር የማያውቁት፣
ዘንድሮ መጡ፣ ብር በመሐረብ ቋጥረው፤
«ሽንኩርት» አስጻፉኝ፣ ደቂቃውን ከኔ ይበልጥ ቆጥረው።
«እኔ በሽማግሌ ያቃተኝን
ወረቀት አወረደው» አሉ አያ ድንበሩ፤
ሳቁ። ከዚያ የራሳቸውን ማሳ አዩና
ዝም።

ትናንት ወይዘሮ ጥሩዓለም፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣
መጡ በሃያ ብር፣ ከመታጠፍ ብዛት በሚያልቅ።
«አሥር ደቂቃ ስጠኝ።»
«ማሾዎ ቅዳሜ ጠጥቷል፤ ተራዎም ገና ነው።»
«ለማሾው አይደለም ልጄ፣ ለዘይቱኗ ነው።
ሟቹ የተከላት። ካፈራች ስድስት ዓመት አልፏታል።»
ቅጹ ላይ ሣጥን አለ፤ «የሰብል ዓይነት» ይላል።
ዘይቱን ከዝርዝሩ የለም፣
ባዶ መተው አይቻልም።
እስክርቢቶዬ ቆመ።
እሳቸው በሩን እያዩ፣ «ምን ያስጨንቅሃል?» አሉ፣
«ጥላ ብለህ ጻፈው።»

ጻፍኩ፦ ጥላ። አሥር ደቂቃ። ሃያ ብር።
ተነሥቼ ከፈትኩ በር።