አጭር ትርጉም

ደብዳቤው ሲመጣ ያነበበው እርሱ፣
«ስብሰባ ነው» አለኝ፣ ቀና ሳይል ራሱ።

ቂርያት ጋት፣ ሐሙስ ቀን፣ ፀሐይ ግንቡን ልጣ፣
ፈረቃዬን ለውጬ በሁለት አውቶቡስ ስመጣ፣
ሦስት ወንበር ቆየኝ በአማካሪዋ ቢሮ፣
አንዱ ለእሷ፣ አንዱ ለኔ፣ አንዱ ከመሐል ተሰድሮ።
ኢታማር ተቀመጠበት፣ አሥራ ሦስት ዓመቱ፣
ለሁለት ሴቶች ሊበቃ የአንድ ልጅ አንደበቱ።

ተናገረች ብዙ፤ ቀስ ብላ፣ አለሳልሳ፣
መዝገቡን ገለጠች፣ ዘጋች፣ ገለጠች መልሳ።
እሱም አጠፈልኝ፣ እንደ መሐረብ፣ አሳጥሮ፦
«በሒሳብ ጎበዝ ነው ትላለች፤ ቁመቱም ጨምሯል ዘንድሮ።»
እንደገና እሷ፦ ረጅም፤ መስኮት መስኮቱን እያየች፤
እንደገና እሱ፦ «ምንም የለም። ውሃ ትጠጪ እንደሁ ጠይቃሻለች።»

ልጄ የማያውቀው አንድ ነገር አለ።
ዕብራይስጥ አልችልም፣ እውነት ነው።
የባንኩን፣ የኪራዩን፣ የመብራቱን ወረቀት
ሁሉን በሱ ትከሻ ነው የማሻግረው፣ ከስምንት ዓመቱ ጀምሮ።
ግን ሌሊት ሌሊት፣ በአረጋውያን ቤት፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣
ሽማግሌ አጥባለሁ፣ አሮጊት አገላብጣለሁ፤
እነሱ ያስተማሩኝ ሦስት ቃል አለኝ፣
የአልጋ ዳር ቋንቋ፣ ከሌሊቱ የዘጠኝ ሰዓት ቋንቋ፦
ኮኤቭ። ያማል።
ፓሐድ። ፍርሃት።
ሌቫድ። ብቻዬን።
ገበያ አያወጡም እነዚህ፣ ሒሳብ አይከፍሉም፤
ሰው ሲጣራ ግን አውቅባቸዋለሁ።

ሦስቱንም አለቻቸው፣ ስለ ልጄ።
አንዱን ሁለት ጊዜ።

አየሁት። እስከ ሥጋው የተነከሰ ጥፍሩን
እጅጌው ውስጥ ሲደብቅ።
ምሳው እንደሄደ ለምን እንደሚመለስ፣
አልጋውን ትቶ ለምን በሩ ሥር እንደሚተኛ
ገባኝ፤ ዘግይቶ፣ እንደ ደመወዝ።

«ሆድ ይፍጀው» እያሉ አሳደጉን።
የሚፈጀው ሆዱ ራሱ መሆኑን ማን ነገረን?

«ንገራት» አልኩት፣ «ልጄ ጎበዝ አስተርጓሚ ነው፤
ዛሬ ግን አሳጠረ።»
ዝም።
«ንገራት እንጂ።»
አፉን ከፈተ፤ ከሁለቱም ቋንቋ አንዱ አልወጣ።
ትከሻው ብቻ ተናገረ፣ እየተርገፈገፈ፣
ያንን ማንም መተርጎም አላስፈለገውም።
ብርጭቆውን ገፋችለት።
ውሃው እውነት ነበር።

ከዚያ ስልክ ደውላ ለኔ አቀበለችኝ፤
አንዲት ሴት በአማርኛ፣ በጎንደርኛ ለዛ፣
«በሚቀጥለው ሐሙስ እኔም እገኛለሁ» አለችኝ።
አራት ወንበር ይሆናል።
ኢታማር ያለ ሥራ ይቀመጥበት፤
ቢፈልግ እግሩን ያወዛውዝ፣ ቢፈልግ ይናገር፣
ቢፈልግ በኔ ፊት አይናገር።

ፌርማታው ላይ፣ ቦርሳውን በደረቱ አቅፎ፣
«ከመቼ ጀምሮ ነው ዕብራይስጥ የምትችዪው?» አለኝ፣ ተቆጥቶ።
«ሦስት ቃል ብቻ።»
«የትኞቹን?»
አውቶቡሱ መጣ። ቦታ ነበረው፣ ሁለት፣ ጎን ለጎን፤
መስኮቱን ለሱ ተውኩለት።