የወንበር ልክ

ዝናቡ ሲያባራ፣ ከሌሊቱ ስምንት፣
መብራት እንደ ልማዱ ጥሎን ሲሄድ ድንገት፣
በሦስት ቁራጭ ሻማ፣ ባንድ የእጅ ባትሪ
ድምፅ እንቆጥር ነበር፦ እኔ፣
የጤና ጣቢያዋ ሰዓዳ፣ ጡረታ የወጣው አስተማሪ።

ሂርማታ፣ አንደኛ ደረጃ፣ አራተኛ «ለ» ክፍል፤
ሰሌዳው ላይ ሳይጠፋ የቀረ ማካፈል።
የልጆቹ ዴስክ ዝቅ ቢልብኝ ለጉልበቴ፣
በርጩማ ይዤ መጥቼ ነበር ከቤቴ፤
ባለ ሦስት እግር፣ ካንድ ግንድ የተፈለፈለ፣
የነዚፍ እጅ ሥራ፣
አሥራ አንድ ዓመት ተሸክሞኝ አንድ ቀን «እህ» ያላለ።

ነዚፍ አባ ጊሳ። ዕጩ ቁጥር አራት። ምልክቱ መሰላል።
ፓርቲ የለው፣ ማይክ የለው፤
ያለው አንድ ነገር፣ አዌቱ ላይ ያለው የእግረኛ ድልድይ፣
ሳንቃው የወለቀው፣
የሙስተሪያን ልጅ አንድ እግር ጫማ ይዞ የቀረው።
«ወንበር ስሠራ ነው የኖርኩት» ይል ነበር ሲቀሰቅስ፣
«ወንበር አላማረኝም፤
አሁን ያማረኝ የተቀመጠ ሰው ማስነሣት ነው።»
ሳቅንለት። አጨበጨብንለት።
ጭብጨባ እንደ ጅማ ዝናብ ነው፣ ጣሪያ አይመርጥም።

ወረቀት እየገለጠች ሰዓዳ ስትጠራ፣
እኔ አራት አቁሜ በአምስተኛው ሳስር፣ በተራ በተራ፣
አንድ ቁጥር፣ ሦስት ቁጥር፣ አንድ፣ አንድ፣ ሦስት፣ አንድ፤
«አራት» ስትል ብቻ ድምጿ ትንሽ ሲከብድ።

አንደኛው ስድስት መቶ አሥራ ሰባት፣
ሦስተኛው ሦስት መቶ ዘጠና፣
ሁለተኛዋ ሰማንያ ስምንት፣
አራተኛው አርባ አንድ።
የተበላሸ ሃያ ሁለት፤
ከነዚያ ባንዱ ላይ «ድልድዩስ?» ተብሎ ተጽፏል።
አይቆጠርም።

ሲነጋ በሩ ላይ ለጠፍኩት።
ነዚፍ መጣ፣ ጃንጥላ የለው፣ ጆሮው ላይ እርሳስ ሰክቶ፤
እንደ እንጨት አነበበው፣
በጣቱ ጫፍ ከላይ እስከ ታች ነክቶ።
«አርባ አንድ» አለ።
«እዚህ ሰፈር የሸጥኩት በርጩማ
ካልተሳሳትኩ ከሁለት መቶ አያንስም።»
ወደኔ አላየም።
አለማየቱ ነው የከፋኝ።

በሳምንቱ ሐሙስ መሳቢያ ላሠራ ሄጄ
ያሸነፈው ሰውዬ፣ ታጁ አባ ፊጣ፣ ቀድሞኝ ቆሟል።
ከምክር ቤቱ አዳራሽ አንድ ወንበር እግሩ ተሰብሯል፤
ሃያ ስድስቱንም የሠራው ነዚፍ ነው፣
የግማሾቹ ሒሳብ ግን ይኸው ሦስት ዓመቱ።
ነዚፍ ምንም አላለ። ሜትሩን ሳበ።
ከተረከዝ እስከ ጉልበት፣ ከወገብ እስከ ትከሻ፣
ለካው ሰውየውን ከመነሻው እስከ መድረሻ፤
ቁጥሩንም ቁራጭ ሳንቃ ላይ ጻፈ።
«ሰፋ ይደረግ?»
«ትንሽ ሰፋ።»
ሳቁ ሁለቱም፣ ለየብቻቸው።
«መቼ ይደርሳል?» አለ ታጁ።
ነዚፍ በመስኮቱ ወደ ወንዙ አየ፣
ጭቃ መስሎ፣ ግንድ እያንከባለለ ይወርዳል።
«ዋንዛው ገና እርጥብ ነው» አለ፤
«አትስጋ። ከሚቀጥለው ምርጫ በፊት ይደርሳል።»

እኔ?
ድምፅ ምስጢር ነው ይላል ሕጉ፤ ፈርሜበታለሁ።
ማታ ማታ ግን በርጩማው ላይ ቁጭ ብዬ
አርባ አንዱን ሰው በየስማቸው ልቆጥር እሞክራለሁ፦
ሚስቱ፣ ሁለቱ ልጆቹ፣ ሙስተሪያ፣
መላጊያ የሚስልለት ሽማግሌ፣
ከወንዙ ማዶ ያሉት ልብስ ሰፊዎች...
ሠላሳ ዘጠኝ እላለሁ፣ አርባ እላለሁ፣
አንድ ሰው ይጎድለኛል።
ራሴን ልጨምር ብዬ እጄን አነሣለሁ፤
ጣቴ ላይ ያለው ቀለም
ገና አልለቀቀም።