ሁለተኛው ቁራጭ

ሐሙስ ሌሊት መብራት ጠፋ።
ጄኔሬተሩም ነዳጅ አልቆበት፣ አንዴ አስሎ ተደፋ።
ጠዋት በኮሌጁ በር ገብቼ፣ ጋውኔን ገና ሳልለብስ
ከማቀዝቀዣው ግርጌ ውሃ፣ ወለል ላይ አየሁ ሲፈስ።
ከዜሮ በታች ሰማንያ ላይ፣ ክረምት ለብሰው ያደሩ
አርባ አንድ የጡንቻ ቁራጮች፣ በየብልቃጡ ላልተው ቀሩ።
ከነሱ አንዱ፣ ቁጥር ሃያ ሰባት፣ የእርሳስ ጽሑፉ ያልለቀቀ
የአንጓች ነበር፤ ከጭኗ ተቆርሶ፣ በአደራ የተጠበቀ።

አንጓችን አራዳ ያውቃታል፤ ከወፍጮ ቤቱ ወረድ ብሎ
ሹሩባ ትሠራ ነበር፤ የሙሽራ ራስ ጭኗ ላይ ውሎ
ማታ ሲነሣ መንገዱ፣ ከግንባር እስከ ማጅራት
እንደ ታረሰ ማሳ ነው፣ ትልም ከትልም የማይሳሳት።
ለጥምቀት ወረፋው ከደጇ አልፎ፣ አስፋልት ይነካ ነበር፤
ዓምና ግን ክንዷ እምቢ አለ፣ ከትከሻዋ ማዶ ላይሻገር።

መጀመሪያ ማበጠሪያው ወደቀ።
ቀጥሎ ዱካው ከበዳት፤ ከመቀመጥ መነሣት ራቀ።
የዐይኗ ቆብ ወይን ጠጅ ሲመስል፣ ጎረቤት ሳቀ በደጇ፦
«ተኳለች እኮ! ማን ሊመጣ ነው?» እሷ ዝም፤ ታያለች ወደ እጇ፦
በጣቷ አንጓ ላይ፣ በእያንዳንዱ፣ ቀይ ቅርፊት ተሰካክቷል፤
ስሟን በሽታው አንብቦ፣ በስሟ ልክ ፈርሟል።

«ብርድ ነው» ያላት አለ፤ «ሪህ ነው» ያለም ወጋት፤
አንድ ዓመት አልፎ ነው እኛ ዘንድ፣ ልጇ አዝሎ ያመጣት።

ዶክተር ምንይችል ደግ ነው፤ ምሳሌ ይወዳል ለሕመም፦
«የገዛ ዘበኛዎ ነው፤ ጠላት ከውጭ አልመጣም።
የፋሲልን ግንብ ያስቡት፤ ጠባቂው ሌሊት ደንብሮ
አዳራሹን ይደበድባል፣ ጌታውን ከሌባ ቆጥሮ።»
አንጓች ሳቀች፤ ሳቅም ጡንቻ ይፈልጋልና፣ ቀስ ብላ፦
«ግንብስ ቢፈርስ ጎብኚ አለው፤ ቲኬት ይቆረጥለታላ!
የኔ ግን ጉንጉን ነው ልጄ፤ ከዳር ነው የሚፈታው።»
ጥግ ቆሜ ሰማሁ፤ ሳቅሁ፤ ቃሏን ማን መዝገብ አስገባው።

እንግዲህ ያ ቁራጭ ቀልጧል።
ማነው የሚነግራት? እኔ ነኝ፤ ፈርሜ የተረከብኩት።
ባጃጅ ይዤ ወረድኩ፤ ቃሉን እስከ አራዳ አላመጥኩት።
«እማማ» አልኳት፣ «መብራት ጠፍቶ፣ የሰጡን ሥጋ ተበላሸ።
ካልፈቀዱ አይገደዱም።» ዐይኔ ወደ መሬት ሸሸ።
ወፍጮው ያጓራል። ጭኗን ዳሰሰች፣ ጠባሳው ያለበት ላይ፤
ቀና ብላ አየችኝ፣ ከላይ እስከ ታች፣ ዋጋ እንደሚገምት ገበያ ላይ፦
«ቅርጫ እንኳ አንዴ ነው ልጄ፤ የኔስ ሁለተኛ ዕጣ ወጣ?»
ቆየችና፦ «እሺ። ግን ነዳጁን ግዙ፣ ሐሙስ ደግሞ ሳይመጣ።»

ማክሰኞ። ሁለተኛው ቁራጭ፣ ከባቄላ ፍሬ ያነሰው፣
በረዶ ውስጥ ጠንክሮ፣ ምላጩ ስስ አድርጎ ቀደሰው፤
ሐምራዊና ሮዝ ተነክሮ፣ ከማይክሮስኮፑ ሥር ቆመ።
ዐይኔን ሰጠሁ። ትንፋሼ ለአፍታ ታመመ።
ጡንቻ እኮ ጉንጉን ነው፤ ዘለላ ከዘለላ ታስሮ፣
ነጫጩ ሴል እንደ ሰልፈኛ፣ በደም ሥሩ ዙሪያ አድሮ።
መሃሉ ደህና ነበር። መሃሉ ሙሉ፣ ያማረ።
የሳሳው፣ የመነመነው፣ ከዳሩ ነው የጀመረ።

ከዳር።
መጽሐፉ ረጅም ስም አለው፤ ምላስ የሚያስር፣ ትንፋሽ የሚፈጅ፤
እሷ ግን በሦስት ቃል ጨርሳዋለች፣ ሳትማር ከእኛ ኮሌጅ።

ደሟ ባሕር ማዶ ሄዷል፣ የዘበኛው ስም እንዲለይ፤
መልስ የለም። ክኒኑ ፊቷን ነፍቶ፣ ሌሊት ታድራለች ጣሪያ ስታይ።

ትናንት ልጠይቃት ሄጄ፣ ከዱካዋ ሥር ጎንበስ ስል
ክንዷ ተነሣ፤ ተንቀጠቀጠ፤ ከጉድጓድ ባልዲ ሲሳብ እንደሚመስል፤
ጆሮዬን አልፎ ግንባሬ ላይ፣ ጸጉሬን በሁለት ጣት ያዘ፦
«ማነው ይሄን የሠራው? ዳሩ እኮ ላላ፤ ተመዘዘ።»

ቁጭ አልኩ።
አንድ ትልም ሠራች። ከዚያ እጇ ደከመ፤ ቀረ።
በዚያው ራሴ ሥራ ገባሁ፤ አንድ ትልም፣ ሌላው የተንጨፈረረ።