የበረዶው ፋይል

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ ክላይፔዳ ወደብ፣
ነፋሱ ከባልቲክ መስኮት ሲደበድብ፣
እኔ፣ ኤይማንታስ፣ የጀልባ ሰዓት አስተካካይ፣
አንድ ቃል ስጠብቅ ከስክሪኑ ላይ፣
«አዘምን» ብዬው፣ ገና ሳልተነፍስ፣
«ተቆልፏል» አለኝ፣ ፊቱን ሳይመልስ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሲል የማለዳው ጀልባ
ነርሷን፣ ዓሣ ሻጩን፣ ተማሪውን ሊያስገባ፣
ሰሌዳው ላይ ያለው የአምናው ሰዓት ነው፤
አዲሱ ሰርቨር ላይ፣ እኔ ዘንድ ያረጀው።

ደገምኩት። ያው መልስ። ሠለስኩት። ያው መልስ።
ገመዱን ነቅዬ ቦታው ብመልስ፣
ያው።
«ሰርቨሩ ነው» አልኩኝ፤ ሰርቨሩ ደህና ነው፤
«መስመሩ ነው» አልኩኝ፤ መስመሩም ደህና ነው፤
ሰው ሲቸግረው ጥፋት የሚፈልገው
ከራሱ ወንበር በቀር ሁሉም ቦታ ነው።

ስካይድሬን ቀሰቀስኳት፤ ካውናስ ነው ቤቷ፣
ስምንት ዓመት እዚህ ኮድ ላይ ያለቀ ጉልበቷ።
«ቆልፈሽብኝ ሄደሻል» አልኳት በችኮላ፤
አዛጋች፣ ረዘም አርጋ፤ ቀጥላም በኋላ፣
«የቆለፈውን ሰው ስሙን አንብብልኝ፣
ከዚያ ትሰድበኛለህ፤ እስከዚያ ታገሰኝ።»

አነበብኩ። ኤይማንታስ።
ዓርብ፣ አሥራ ሁለት ከሩብ። ትዝ አለኝ አውቶቡስ፣
ትዝ አለኝ ጃኬቴን ስጎትት፣ ልደርስ፣
ዝመናው ከመንገድ ገና ሳይመለስ
ሁለት ቁልፍ ተጭኜ አንገቱን ስቀነጥስ።
በሩን ከውስጥ ዘግቶ ይሠራ የነበረው
ሲገደል፣ ቁልፉን እንደያዘ ነው የቀረው።
ሌባው እኔ፣ ዘበኛው እኔ፣ ከሳሹም እኔው፤
ስካይድሬ ብቻ ናት እንቅልፍ የተቀማችው።

«አጽዳ በለው» አለች፤ «ግን ከማጽዳት በፊት
ያልላክኸውን ሥራ ቅዳው ሌላ ቤት።»

ቀዳሁ። አጸዳሁ። ቁልፉ ወለቀ።
ፋይል ተከትሎ ፋይል ወረደ፣ ዘለቀ፤
እፎይ ልል አፌን ስከፍት፣ ድንገት ቆመ፤
«ግጭት» የሚል ቃል በቀይ ተጋደመ።

የዛፍ ግጭት ይሉታል፤ እኔ ቅጠል ሳርም፣
እሷ ቅርንጫፉን ቆርጣዋለች፤ አልቀረም።

የፋይሉ ስም «በረዶ»። ሐይቁ ሲረጋ
ጀልባ ስንት ደቂቃ ዘግይቶ እንዲጠጋ፣
በረዶ ሰባሪው በየት ቀድሞ እንዲሄድ፣
ጨው ማን እንደሚበትን በመሳፈሪያው መንገድ።
እኔ ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ ለማንም ሳልናገር፣
አንዲት ስህተት ሳርም፣ ሰባትን በአራት ስቀይር፣
እሷ ሰኞ ዕለት፣ በአንዲት አጭር ማስታወሻ፣
ሰርዛዋለች ፋይሉን፣ ከራሱ እስከ መጨረሻ፦
«ሐይቁ ከረጋ ዘጠኝ ክረምት አለፈ።
የሚያነበው የለም።» ይህ ነው የተጻፈ።

ማሽኑ ይጠይቃል፤ ሐዘን አያውቅ እንደ ሰው፦
የአንተ ይጽና? የእሷ ይጽና? ወይስ ላቆየው?
ማቆየት እችል ነበር። አውቅበታለሁ።
ስንት ደብዳቤ፣ ስንት የጥርስ ቀጠሮ አቆይቻለሁ።

«አለህ?» «አለሁ።» «ምን ይላል?» «በረዶው ጋ ቆመ።»
ስልኩ ውስጥ ዝምታ ጥቂት ከረመ።
«ልጅ ሳለሁ በእግሬ ነው የተሻገርኩት» አለች፤
ከዚያ «የእኔን አጽና» ብላኝ ስልኩን ዘጋች።

የእሷን አጸናሁ። ማሽኑ ተነፈሰ።
ስሪት አራት ሺህ አንድ መቶ አሥራ ሰባት ደረሰ።
ሰሌዳው በራ።

ሳይነጋ ወረድኩኝ ወደ ውሃው ጫፍ።
ውሃው ጥቁር፣ ለስላሳ፤ ከላዩ የናፍጣ እንፋሎት የሚተፋ፤
ነርሷ ቀድማ ደርሳ፣ ሰሌዳውን አየች፣
የእጅ ሰዓቷን አየች፣ ሻርፗን አጠበቀች።
ስለ ቁልፉ፣ ስለ ዛፉ ምንም አልጠየቀች።

ከመዝገቡ ግን ፈጽሞ የወጣ የለም። የሚሻ ሰው
ወደ ሦስት ሺህ ዘጠኝ መቶ ሁለት ቢመልሰው፣
እዚያ ሐይቁ ዛሬም እንደረጋ ነው፤
አንዲት ልጅ በእግሯ እየተሻገረችው።
ሰባቱም ሰባት ነው፤ ያረመው የለም።
አራቱ ያለው እኔ ዘንድ ነው፣ በሌላ ፎልደር።
አልላክሁትም።