ያደርስሃል

ቅዳሜ ነበረ፣ አስራ አንድ ሰዓት ግድም፣
ነፋሱ ቆርቆሮ እያንኳኳ ሲያዘግም፤
ከፍራንኮ ኋላ፣ ከኛ ጋራዥ ደጃፍ
ሂርጳ ኤፍኤስአሩን አቁሞ ሲደገፍ፤
ጭነቱ ሽንኩርት ነው፣ የሚሄድ ለድሬ።
«ፍሬኑ ላላብኝ፣ እስቲ እይልኝ ዛሬ፣
ሌሊቱን ነድቼ ገበያ ልድረስ» አለኝ።
ከሥር ተንሸራተትሁ፤ ጣቴን ዘይት ነካኝ።
ባትሪዬን ሳበራ፣
ቱቦው ተሰንጥቋል እንደ በጋ ከንፈር።
አየሁት።
(ይህቺን ቃል ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር።)

አዲስ ቱቦ ያለው ፖስታ ቤት ጋ ብቻ ነው፤
ደርሶ መልስ ሰዓት ነው።
የአክስቴ ልጅ ሠርግ ነው፤ ሚስቴ ደውላለች፣
«ውሃው ሳይቀዘቅዝ ና ታጠብ» ብላለች።
ደግሞም፣ ምን ልደብቅ፣ ደክሞኝ ነበር፤ በቃ።
ሌላው ሰበብ ሁሉ ኋላ ነው የነቃ።
ፋሼታ አሰርሁበት፣ በጨርቅ ጠረግሁት፤
ተነሣሁ፣ እጄን በጋዝ አስለቀቅሁት፤
«ያደርስሃል» አልሁት።

አላደረሰውም።
ድንገጎ ቁልቁለት፣ ሊነጋጋ ሲል፣
ፔዳሉ ወለል ነካ እንደ ባዶ ቃል።
ረዳቱ ዘለለ። ሂርጳ ግን መሪውን
ከተራራው ላትሞ ከፈለ ቀኝ እግሩን።
ሽንኩርቱ ሳምንት ሙሉ፣ ሲሉ ሰማሁ ኋላ፣
ከየገደሉ ሥር ተለቅሞ ተበላ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት።
ዛሬ ሂርጳ አለ፣ ከመናኸሪያው በር፣
ሎተሪና ማስቲካ፣ ካርድም ሲቸረችር፤
ክራንቹን ከሳጥኑ ጎን አጋድሞ።
ሌላ መንገድ አለኝ፤ በዚያው ነው የማልፈው።
«ና እንጂ፣ ቁጭ በል!» ይላል፤ ሻይ ያዝልኛል፤
ላላፊ አግዳሚው በኩራት ያሳየኛል፦
«ይህ ሰውዬ ባይኖር እኔ ሟች ነበርሁኝ፤
ያን ማታ ፍሬኑን ጠበቅ ባያደርግልኝ
አዋሽን መች አልፌ!»

ብርጭቆው እጄ ላይ ይሞቃል፣ ይበርዳል፤
ስኳሩን ሳማስል ማንኪያው ይናገራል።

ስንቴ ልንገረው ብዬ ጉሮሮዬን ጠረግሁ!
አንዴማ ጀመርሁት፤ «ያ ቱቦ...» አልሁና ቆምሁ።
«ተወው» አለ ሂርጳ፣ «የእግዜር ነው፣ አለፈ»፤
አንድ ሎተሪ ቆርጦ ኪሴ ውስጥ ወተፈ።
አልወጣልኝም።

እውነቱን ብነግረው የሚቀለው ለማን ነው?
እኔ እንቅልፍ ላተርፍ፣ እሱ ወዳጅ ሊያጣ?
ወይስ ይሄ ሐሳብም ያው የዚያ ቀን ድካም፣
በጨርቅ የጠረግሁት፣
ፋሼታ ያሰርሁበት?

ማታ ቤት ስገባ፣ ሚስቴ ሽንኩርት ይዛ፣
«አምጪው፣ እኔ ልክተፍ» እላለሁ።
ለዚያ እንባ ማንም ሰው ምክንያት አይጠይቅም።

ጋራዥ ውስጥ ልጆቹ ጨቅጫቃ ይሉኛል።
ትናንት ነው፣ ኦብሳ እጁን እየጠረገ
«ጋሼ፣ ይሄ እንኳ ያደርሳል» አለኝ።
የመኪናውን ቁልፍ ኪሴ ከተትሁና
ባለመኪናው ሲቆጣ፣ ሰዓቱን ሲያይ፣
በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ ወገቤ፣
ካርቶን አንጥፌ ከሥሩ ገባሁ፤
በጨለማው ውስጥ፣ በጣቴ ጫፍ፣
ዘይት ፈለግሁ።