ወጪው የኔ ነው

ሽማግሌ መጥቶ፣ «ሰጥተናል» ተብሎ፣
ወጪው ደጄን መታ፣ ሳምንት ተከትሎ።
ኤድመንተን፣ ሰሜን ጫፍ፣ ከቤቴ ሳሎን ውስጥ፣
ሁለት ቤተሰቦች ቁጭ አልን፣ ልንመርጥ፦
አዳራሽ፣ ምግብ፣ ዲጄ፣ የሚዜዎች ሱፍ፣
የኬኩ ፎቅ ቁመት ከሙሽራው ሲያልፍ።

ሶልያና ልጄ ላፕቶፗን ከፍታ፣
በሦስት ዓምድ ከፍላ፣ በቀለም ለይታ፦
«ይህ የእኔና የኢዮስያስ፣ ይህ የእናንተ፣ ይህ የነሱ፤
ሁሉም በእንግዳው ልክ ይክፈል ከራሱ።
እኛ ያሰብነው ዘጠና ሰው ብቻ፤
ሰርግ ነው የምንሻው፣ አይደለም ዘመቻ።
ቀብዱን ከፍለነዋል።»
          «ዘጠና?» አለች ብርዛፍ፤
«አራስ የጠየቅሁት፣ ለቅሶ የደረስኩት፣
ሰሃን ቆጥሬ ነው እንዴ ያስተዛዘንኩት?»

እኔም ጉሮሮዬን ጠረግ አደረግሁና፣
«ልጄን ስድር» አልኩኝ፣ «መዋጮ ነውር ነውና፣
ወጪው የኔ ነው።»
          አንበርብር፣ የልጁ አባት፣ ከሶፋው ተነሳ፦
«እኛስ ለአንድ ወንድ ልጅ እጃችን መች ሳሳ?
ጥሎሹም፣ ራቱም፣ ነጩ ሊሞዚንም
የኔ ነው! አንዲት ሳንቲም ከማንም አልለምንም!»
ልጆቹ ተያዩ። ላፕቶፑ ተዘጋ።
ደረቴን ነፍቼ ሸኘሁት፣ እስከ መኪናው ጋ።

እውነቱን ልናገር፦ የያዝኩት ገንዘብ
አራት ጎማ አይገዛም፣ እንኳን ሕዝብ ሊያጠግብ።
የአውቶቡስ ጋራዥ ነው፣ ሌሊት ነው ሥራዬ፤
ሞርጌጁ ሲቀነስ ባዶ ነው ጓዳዬ።
እቁቡን በልቼ ጣራ አስቀይሬበት፣
ተራዬ እስኪመለስ ገና ዓመት አለበት።

ማክሰኞ፣ ከሥራ እንደወጣሁ፣ ወንዙን ተሻገርኩኝ፤
ሰው ወደማያውቀኝ ቅርንጫፍ ገባሁኝ።
ውጪው ሠላሳ ነው፣ ከዜሮ በታች።
ከፊቴ ያለው ሰው ኮፍያውን ሲያወልቅ፣
ያን መላጣ አወቅሁት፤ የት ገብቼ ልደበቅ!
«ይርዳው!»
     «አንበርብር!»
          «ካርዴ ተቆልፎ...»
«የኔም የሚስጥር ቁጥሩ... ከራሴ ላይ ጠፍቶ...»
ሠራተኛዋ ወጥታ «ብድር ፈላጊ?» ስትል፣
ሁለት እግር ተነሳ፣ የሱና የኔ፣ እኩል።

ምን ይደረግ? ሳቅን። ዘበኛው እስኪያየን።
ሳንበደር ወጥተን መኪናው ውስጥ ገባን።
«ሚስቴ አታውቅም» አለኝ፣ መሪውን እያሸ።
«የኔም» አልኩት። ትንሽ ቆየን፤ ብርዱ ሸሸ።

ቤት የገዙ ጥንዶች በሚስቁበት ብሮሹር ጀርባ ላይ
ስም ልንጽፍ ጀመርን፦ ማን ይቅር? ማን ይታይ?
እስክሪብቶው በርዶት ቀለሙ ረጋበት፤
በየተራ ሆነን እፍ እፍ አልንበት።
«የቶሮንቶው አጎትህ?»
          «ቲኬቱን ቆርጧል።»
«የእድሩ ጸሐፊ?»
          «እሱን ማን ይደፍራል?»
«ዳስ ቢሆን» አለኝ፣ «ሰው በሰው ላይ ይቀመጣል፤
እዚህ አንዱ ወንበር ሰማንያ ዶላር ይውጣል።»

ገንዘቡንም ተካፈልን፣ እንደ ምንም ብለን፦
ራቱን እኩል በእኩል፣ መልሱን በኔ ጋራዥ፣ ሊሞዚኑን ሰርዘን።
የልጆቹን ድርሻ ግን፣ ልክ ነበሩ ብሎ ማን ይንገራቸው?
በኩራት የዘጋነውን ላፕቶፕ ማን ያስከፍታቸው?
«አንተ ንገር።»
     «አንተ።»

አራት መቶ ሃያ ብለን የጀመርነው
ሁለት ሰዓት ፈጅቶ ሦስት መቶ ሰማንያ ነው።
የነዳጁ መብራት ቢጫ ሆኖ በራ።
«እኔ ልሙላ» አልኩት።
          «ተው! የኔ ነው ተራ።»
«ተቆልፏል» ያለኝን ካርዱን መዘዘ።
ቁጥሩ የጠፋብኝ እኔም... እጄ ፓምፑን ቀድሞት ያዘ።